የዓመቱ የዘፈን ቆጠራ እንደ ባሕል ምስክር

ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰሙ ድርጅቶች በየዓመቱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ደንበኛቸው የዓመቱን የመስማት ሒሳብ በሥዕልና በቀለም አስጊጠው ያቀርቡለታል። ደንበኛውም ተቀብሎ ለወዳጆቹ ያሳያል። ልማዱ አዲስ ቢሆንም በብዙ አገር ወጣቶች ዘንድ እንደ በዓል በጉጉት እስከ መጠበቅ ደርሷል። የሰውን አኗኗርና ልማድ ለሚያጠና ሁሉ ነገሩ ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። አንደኛው፣ ይህ ሒሳብ ስለ ሰሚው ምን ያህል እውነት ይናገራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሒሳቡን ለሰው ማሳየት በራሱ ምን ዐይነት ልማድ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የበለጠ ፍሬ እንዳለው ከዚህ በታች ይታያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሰሚን ምርጫ በመሣሪያ መመዝገብ የተጀመረው በዛሬዎቹ ታላላቅ ድርጅቶች አይደለም። በ2002 በእንግላንድ የተመሠረተው ላስት ኤፍ ኤም፣ በሳውዝሀምፕተን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ተማሪ ሥራ ከነበረው ኦዲዮስክሮብለር ጋር ተጣምሮ፣ በኮምፒዩተር የተሰማውን ዘፈን ሁሉ እየመዘገበ ለሰሚው ያሳይ ነበር። በዚያ አሠራር መዝገቡ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ስለ ሆነ፣ ሰሚው በፈለገው ቀን ገብቶ ሒሳቡን ያይ ነበር። በ2006 በስቶክሆልም የተመሠረተው ስፖቲፋይ ግን መዝገቡን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚገለጥ ስጦታ አደረገው። በ2016 «ራፕድ»፣ ማለት «የተጠቀለለ»፣ የሚለውን ስም ሰጥቶ ካወጣው ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል፤ አፕል ሙዚክም ከ2019 አንሥቶ «ሪፕሌይ» የሚባለውን ያቀርባል።

ቆጠራውን ማግኘት አያስቸግርም። በኖቬምበር መጨረሻ ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ ደንበኛው የስልኩን መተግበሪያ ሲከፍት ካርዶቹ ተራ በተራ ይመጡለታል፤ ስንት ደቂቃ እንደ ሰማ፣ አብዝቶ የሰማቸው አምስት ድምፃውያንና አምስት ዘፈኖች የትኞቹ እንደ ሆኑ ይነግሩታል። በካርዱ ግርጌ ወደ ማኅበራዊ መገናኛዎች የሚያስተላልፍ ምልክት አለ። ከዚህ ሌላ ብዙዎች የማያውቁት ሁለተኛ መንገድ አለ። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ መሠረት፣ ሰሚው ስለ ራሱ የተያዘውን መዝገብ ጠይቆ መቀበል ይችላል። ይህ መዝገብ ሥዕልና ቀለም የለውም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ዘፈን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደ ተሰማ፣ እስከ ምን ድረስ እንደ ተደመጠ፣ በመካከል ታልፎ እንደ ሆነም ይገልጣል። ካርዱ ከዚህ ሰፊ መዝገብ ለውዳሴ የሚመቸው ተመርጦ የቀረበ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የቆጠራው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ስለ ዘፈን ምርጫው የሚጠየቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው የሚያስከብረውን እንጂ የሚሰማውን አይደለም። መሣሪያው ግን ተጠያቂውን አያፍርም፤ ሌሊት ብቻውን የሰማውንም ይጽፋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚቈጥረው ሰውን ሳይሆን አካውንትን ነው። በአንድ አካውንት አባት፣ ልጅና እንግዳ ሲሰሙበት ሦስቱ እንደ አንድ ሰው ይጻፋሉ። ሠላሳ ሰከንድ የተሰማ ዘፈን እንደ ተሰማ ይቈጠራል፤ ሰሚው እንቅልፍ ወስዶት መሣሪያው በራሱ ምርጫ የቀጠለውም ከሚወደደው ጋር ይደመራል። በአንጻሩ በሠርግ ቤት፣ በታክሲ፣ በቤተ ክርስቲያንና በልቅሶ የተሰማው ሁሉ ከቆጠራው ውጭ ነው።

«ዓመት» የሚለው ቃልም ራሱ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቆጠራው ከጃንዋሪ ጀምሮ ካርዱ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ያበቃል። የኢትዮጵያዊው ዓመት ግን በመስከረም ይብታል፤ የመስማት ልማዱም በጾምና በፍስክ ይከፈላል። ብዙ የኦርቶዶክስ ምእመናን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ዘፈን ትተው መዝሙር ይሰማሉ። ይህን በፈቃድ የተመረጠ ዝምታ ቆጠራው አያውቀውም፤ ለእርሱ ያልተሰማ ዘፈን ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ለአጥኚው ግን ሰው በየትኛው ወራት ምን መስማት እንደሚተው ማወቅ፣ ምን አብዝቶ እንደ ሰማ ከማወቅ አያንስም።

የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ድምፃውያን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ ሥርዓት የለውም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ ባሳተመው «ኤቲዮፒክ» በተባለው ተከታታይ የጥላሁን ገሠሠ ስም በሌላ ቦታ ከሚታወቀው የላቲን አጻጻፍ ተለይቶ ተጽፏል። በፊደል ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ ሁለት አጻጻፍ ሲያገኝ አንዱን ድምፃዊ ሁለት ሰው ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ አንደኛ መሆን የሚገባው ተከፍሎ አምስተኛም ላይሆን ይችላል።

ከቁጥሩ ይልቅ ለትችት የሚጋብዘው ግን በቁጥሩ ላይ የሚለጠፈው ቅጽል ነው። ስፖቲፋይ በ2022 ሰሚዎችን በ16 የጠባይ ዐይነት መደበ፤ በ2023 የሰሚውን ምርጫ ከአንድ የዓለም ከተማ ጋር አዛመደ፤ በ2025 ደግሞ ሰሚው የሚያዘወትራቸው ዘፈኖች የወጡበትን ዘመን ከእኩዮቹ ጋር አነጻጽሮ «የመስማት ዕድሜ» ሰጠው። የአባቱን ዘመን ዘፈን የሚወድ ወጣት በዚህ ስሌት ሽማግሌ ይባላል። አገሩን ትቶ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቆየ ዘፈን የሚሰማው በናፍቆት ይሁን፣ ልጆቹን ቋንቋ ለማስተማር፣ ስሌቱ አይለይም።

ሰውን በዘፈን አማካይነት ማወደስና ቅጽል መስጠት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪ መሲንቆውን ይዞ የእንግዳውን ስም ይጠይቃል፤ ግጥም ገጥሞ ያሞግሰዋል፤ ሽልማቱንም ይቀበላል። ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። የአዝማሪው ሙገሳ የሚነገረው ተሞጋሹን በሚያውቁ ሰዎች ፊት ስለ ሆነ፣ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ሳቅ ይከተለዋል፤ በሰምና ወርቅ የተሸፈነ ነቀፋም ሊገባበት ይችላል። ከሁሉም በላይ ተሞጋሹ ራሱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብላል፤ አዝማሪውም ያንኑ መልሶ ያዜማል። ሰሚው በዚያ ቤት ደራሲ ጭምር ነው። የካርዱ ሰሚ ግን የተባለውን ከመቀበልና ከማሰራጨት ሌላ ድርሻ የለውም፤ ቅጽሉን ማረም አይችልም። ሽልማቱም የሚሄደው ወዲያ ነው፤ ሰሚው ካርዱን ባሳየ ቍጥር ያለ ክፍያ የድርጅቱ አዋጅ ነጋሪ ይሆናል።

በዚህ ምክንያት አጥኚው ካርዱን የምርጫ ማስረጃ አድርጎ ከመውሰድ ይልቅ ራስን የማቅረብ ሥርዓት አድርጎ ቢመረምረው ይሻላል። ማን ያሳያል? ማን ይደብቃል? ማንስ አንዱን ካርድ አሳይቶ ሌላውን ይተዋል? መዝሙር ብቻ የሞላበትን የሚያሳይ ሰው ለማን ነው የሚያሳየው? በዋሽንግተን የሚኖር ወጣት በአምስቱ ስሞች መካከል አንድ የአማርኛ ድምፃዊ ሲገኝለት በዚህ ምን ይመሰክራል? የምርጫውን እውነት የሚሻ ግን ከባለቤቱ ፈቃድ አግኝቶ፣ በደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ሙሉ መዝገብ ይመልከት፤ ያንንም ከሰሚው ቃልና ከአካውንቱ ውጭ ከሚሰማው ጋር ያስተያይ።

ቆጠራ ተራ ጨዋታ አለመሆኑን አንድ ነገር ያስረዳል። ከ2024 ጀምሮ በስፖቲፋይ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ለቀረጻው ባለመብት ክፍያ አያስገኝም። ጥቂት ሰሚ ባለው ቋንቋ የሚዘፍን ሰው ከዚህ ወሰን በታች ለመውደቅ የቀረበ ነው፤ በቴፕ፣ በሠርግና በቃል ሲዘዋወር የኖረው ዘፈኑም የተወደደ ቢሆን እንኳ በዚህ መዝገብ እንዳልተሰማ ይቈጠራል። የወደፊቱ አጥኚ የዘመኑን ዘፈን ከእነዚህ መዝገቦች ብቻ ለመጻፍ ቢነሣ፣ የሚጽፈው የሕዝቡን የመስማት ታሪክ ሳይሆን የመሣሪያውን የመቍጠር ታሪክ ይሆናል። በቆጠራው ያልገባውን እየተዘዋወሩ መሰብሰብ የሚገባው ባለቤቶቹ ሳያልፉ ዛሬ ነው።