አምባሰል በፒያኖ፤ ስለ ግርማ ይፍራሸዋ

ግርማ ይፍራሸዋ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚነገረው «ቾፒንን የሚጫወት ኢትዮጵያዊ» መሆኑ ነው። ሙገሳው ክፋት የለውም፤ ሰውየውን ግን ያሳንሰዋል። ቾፒንን አሳምሮ የሚጫወት በሞስኮም በሶፍያም ሞልቷል። አምባሰልን ፒያኖ ላይ ሳያበላሽ የሚያሰማ ግን ከየትም አይገኝም።

ግርማ በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲወለድ በቤቱ ፒያኖ አልጠበቀውም። በልጅነቱ የያዘው ክራር ነበር። ፒያኖን የተዋወቀው በ16 ዓመቱ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ይህን ዕድሜ አቅልለን እንዳናልፈው። በሩሲያና በምሥራቅ አውሮፓ ልማድ ፒያኒስት የሚሆን ልጅ መሣሪያው ፊት የሚቀመጠው ገና በስድስትና በሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ ሶፍያ ሄዶ በፕሮፌሰር አታናስ ኩርቴቭ ሥር ተማረ። የቡልጋሪያ ሥርዓት ሲፈርስ ትምህርቱ ተቋረጠና ወደ ጣሊያን ተሻገረ፤ በአንድ የካቶሊክ ማኅበር ድጋፍ ተመልሶ ጨረሰ። አገሩ ገብቶም እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 በያሬድ አስተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ የታተመለት «ላቭ ኤንድ ፒስ» አልበም አምስት ድርሰቶች አሉት። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው «አምባሰል» ነው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን አንሸራትቶ ድምፁን ያስለቅሰዋል። ፒያኖ ላይ ይህ አይቻልም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለም። ግርማ ታዲያ ከዋናው ድምፅ ፊት ትንንሽ ድምፆች ጣል ጣል እያደረገ ጆሯችንን ያታልላል፤ እኛም ደስ ብሎን እንታለላለን። ክራር የለመደ ጣት መሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ዳሩ ግን ግራ እጁ ሁልጊዜ እንዲህ ቁጥብ አይደለም። ስለ ዋሽንት ነፊው እረኛ የደረሰውን ሙዚቃ እዚህ ሺሺንዳ፣ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ቡና ቤት፣ ከስልኬ አሰምቼ ነበር። አንድ አዛውንት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «እረኛው የት ገባ?» አሉኝ። የጠየቁት ግራ እጁ በአውሮፓ ኅብረ ድምፅ ተሞልቶ ዜማውን በሸፈነበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ሂስ ከየትኛውም ባለሙያ አልሰማሁም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ቢሆኑ ዜማውን ብቻውን አየር ላይ ትተውት ይጠብቁ ነበር። ግርማ ግን ሶፍያ የተማረ ነውና ባዶ ቦታ ሲያይ መሙላት ይቀናዋል።

ሆኖም እሳቸው ገዳም ገብተው ለራሳቸውና ለፈጣሪያቸው ሲጫወቱ፣ እሱ መድረክም ክፍልም ላይ ቆሟል። መምህር ነውና ከእሱ የምንጠብቀው ከሲዲ በላይ ነው። ሲዲ ያስደምማል እንጂ ጣት አያስተምርም። የፒያኖ ተማሪ ለፈተና ባኽን እንደሚያጠና ሁሉ የ«አምባሰል»ንም ኖታ ፊቱ ዘርግቶ ቢያጠና፣ ክራር ይዞ ከገጠር ለሚመጣ ልጅም የመጀመሪያው ትምህርት ከዚያው ቢጀመር እመርጣለሁ።