«ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው?» በሥራ ቅጥር ፈተና ጥያቄ ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ወራት በፊት ከናይሮቢ አንድ መልእክት ደረሰኝ። ላኪው ከዓመታት በፊት ሒሳብ ያስተማርሁት፣ ዛሬ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በኢምባካሲ የሚኖር ወጣት ነው። ኢምባካሲ የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኝበት፣ ከሞምባሳ ወደብ በባቡር የሚመጡ ኮንቴይነሮች የሚራገፉበት ደረቅ ወደብ ያለበት፣ መጋዘንና የጭነት መኪና የበዛበት አካባቢ ነው። ወጣቱ በዚያው አካባቢ በአንድ ድርጅት የመጋዘን መዝገብ ያዥ ለመሆን አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ከቃለ መጠይቁ አስቀድሞ አጭር የጽሑፍ ፈተና ተሰጠው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የሚከተለው ነበር፦

2፣ 3፣ 5፣ ___ ቀጣዩ ቁጥር ስንት ነው?
ሀ) 7   ለ) 8   ሐ) 9   መ) 10

ወጣቱ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ አራቱም ትክክል ሆኑብኝ። አንዱን መርጬ ምክንያቱን ከጎኑ ብጽፍ፣ ወረቀቱን የሰበሰበው ሰው ‹ምክንያት አልተጠየቀም› አለኝ። ሥራውንም አላገኘሁም። የተሳሳትሁት ምን ላይ እንደሆነ ቢያስረዱኝ?»

ወጣቱ ሥራውን ያጣው በዚህ አንድ ጥያቄ ነው ለማለት ማስረጃ የለኝም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ መመርመር አለበት። የቅጥር ፈተና ጥያቄም እንደማንኛውም ጽሑፍ ደራሲ አለው፤ አንባቢም አለው። ልዩነቱ ይህን ጽሑፍ በትክክል አላነበበም የተባለ ሰው እንጀራውን ማጣቱ ነው። ስለዚህ ለልብ ወለድና ለቴአትር የምናቀርበውን ሂስ ለዚህም ልናቀርብለት ይገባል እላለሁ። በተለይ ደግሞ ጉዳዩ እኛን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ይነካናል፤ እንዴት እንደሚነካን ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አራቱ መልሶች

እስቲ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

7 ያለ ተፈታኝ ቁጥሮቹን ብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው አድርጎ አይቷቸዋል። ከ2፣ ከ3ና ከ5 ቀጥሎ የሚገኘው ብቸኛ ቁጥር 7 ነው።

8 ያለው ሁለት ሁለቱን ጎረቤታሞች ደምሯል። 2 ሲደመር 3፣ 5 ነው፤ 3 ሲደመር 5 ደግሞ 8 ነው። ይህ ኢጣሊያዊው ፊቦናቺ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ጥንቸሎች መራባት ባነሣው ጥያቄ የሚታወቀው ተርታ ነው።

9 ያለው የተመለከተው ልዩነቶቹን ነው። ከ2 እስከ 3 ያለው ልዩነት 1፣ ከ3 እስከ 5 ያለው 2 ነው። ልዩነቱ በእጥፍ የሚያድግ ከሆነ ቀጣዩ 4 ይሆናል፤ 5 ላይ 4 ሲጨመር 9 ይመጣል።

10 ያለው ደግሞ ከፊት ያሉትን ሁሉ ደምሯል። 2 ሲደመር 3፣ 5 ሆነ፤ 2፣ 3ና 5 ሲደመሩ 10 ሆኑ።

ከአራቱ ውስጥ ስሌቱ የተበላሸ አንድም የለም። እንግዲህ ጥያቄው የሚለየው የሚያስበውንና የማያስበውን ሰው ሳይሆን፣ ጥያቄ አውጪው ያሰበውን ያሰበውንና ሌላ ያሰበውን ሰው ነው። አንዱን መንገድ ብቻ ያየ ተፈታኝ በአሥር ሴኮንድ አክብቦ ያልፋል። አራቱን ያየው ግን ጊዜውን ያጠፋል፣ ይጠራጠራል፣ ቀጥሎ ያሉትም ጥያቄዎች ያመልጡታል። ይህ የጥያቄው ከባዱ ጉድለት ነው፤ ለመለካት የተነሣውን ችሎታ ራሱን ይቀጣልና።

«ቀላሉ ሕግ መልሱ ነው» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ቀላል የሚባለው ለማን ነው? ባለፈው ሳምንት ስለ ብቸኛ ቁጥሮች ለተማረ 7 ቀላል ነው፤ ደብተር ላይ ሲደምር ለሚውል ሰው 10 ይቀላል። ቅለት ከቁጥሮቹ ጋር የተሰፋ ሳይሆን አንባቢው ይዞት የሚመጣው ነገር ነው።

ጥቂት ቁጥሮች ሕግን አይወስኑም

ችግሩ የዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ አማራጮቹን አስተካክሎ ማለፍ በተቻለ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። 2፣ 4፣ 6 የሚለውን ተርታ እንውሰድ። ማንም ሰው ቀጣዩን 8 ይላል። አሁን የቁጥሩን ተራ «ተ» ብለን የሚከተለውን ቀመር እንሞክር፦

2ተ + (ተ−1)(ተ−2)(ተ−3)

ተ 1፣ 2 ወይም 3 ሲሆን ከቅንፎቹ አንዱ ዜሮ ስለሚሆን ቀመሩ በትክክል 2፣ 4፣ 6 ይሰጣል። ተ 4 ሲሆን ግን 8 ሲደመር 6፣ 14 ይሆናል። ከቅንፎቹ ፊት ሌላ አብዥ ብናስገባ የፈለግነውን ቁጥር አራተኛ ማድረግ እንችላለን። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ቁጥር ቢደረደር፣ ሕጉ እስካልተነገረ ድረስ ቀጣዩ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ይህ የቀመር ተንኮል ነው የሚል ቢኖር ክብ ይሣል። በክቡ ዙሪያ ነጥቦች ያድርግና ሁሉንም እርስ በርስ በቀጥታ መስመር ያገናኝ፤ ሦስት መስመሮች ብቻ በአንድ ቦታ እንዳይገናኙ ይጠንቀቅ። በ1 ነጥብ ክቡ አንድ ክፍል ነው፤ በ2 ነጥብ 2፣ በ3 ነጥብ 4፣ በ4 ነጥብ 8፣ በ5 ነጥብ 16 ክፍል ይሆናል። በ6 ነጥብስ? ተማሪዎቻችን በአንድ ድምፅ «32!» ይላሉ። ሲቆጥሩት 31 ነው። በክፍል ውስጥ ብትሞክሩት የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ጥሩ ክርክር ያስነሣል።

የእነዚህ ተርታዎች ብዛት ራሱ የሚያስገርም ነው። ኒል ስሎን የተባለው የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ከ2,300 በላይ የሙሉ ቁጥር ተርታዎችን ሰብስቦ ነበር። ያ ስብስብ ዛሬ ከ350,000 በላይ ደርሷል። ሦስትና አራት ቁጥር ብቻ አሳይቶ ከዚህ ሁሉ አንዱን ምረጥ ማለት ምን ያህል ከባድ ፍርድ እንደሆነ አንባቢ ይመዝነው።

ለጥያቄው የሚቀርበው መከላከያ

ሂስ ሚዛናዊ እንዲሆን የሌላውንም ወገን ማድመጥ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጥያቄ በብዛት ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በሮበርት ዬርክስ የተመሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች «አርሚ አልፋ» የተባለ ፈተና አዘጋጁ። ከስምንቱ ክፍሎች አንዱ የቁጥር ተርታ ማሟላት ነበር። ይህና ማንበብ ለማይችሉት የተዘጋጀው «ቤታ» ከ1.5 ሚሊዮን ለሚበልጡ ምልምሎች ተሰጡ። ዓላማው ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ መደልደል ነበር፤ ፈተናው ርካሽ ነው፣ ለማረም ይቀላል፣ ለሁሉም አንድ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በእኛም ሆነ በጎረቤቶቻችን አገር ቀላል አይደለም። ሥራ በዘመድና በአማላጅ በሚገኝበት ቦታ፣ ስም የማይጠይቅ ወረቀት የድሃ ልጅ ጋሻ ነው። ይህን ጋሻ ለመጣል አልመክርም።

ነገር ግን ጋሻነቱ የሚጸናው መልሱ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ልምምድ ውጤቱን ይለውጠዋል። እነዚህን ጥያቄዎች ሰብስበው የሚያትሙ መጻሕፍት በየቦታው ይሸጣሉ፤ ገዝቶ ያጠና ሰው የተለመዱትን ሕጎች አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ያደጉበት ባህልም ድርሻ አለው። «31፣ 28፣ 31፣ 30፣ ___» ብለን ብንጠይቅ፣ የአውሮፓን ወራት ይዞ ያደገ 31 ይላል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን በሆነበት አገር ያደገ ልጅ ግን ልዩነት ሲፈልግ ይውላል። በተራችን «5፣ 5፣ 5፣ 6፣ ___» ብለን ናይሮቢ ውስጥ ብንጠይቅ፣ ጳጉሜን የሚያውቅ ብቻ ያለማመንታት «5» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚለኩት የቀን መቁጠሪያን ነው።

ፍርድ ቤትም ይህን ጉዳይ አይቶታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በግሪግስና በዱክ ፓወር ኩባንያ መካከል በተነሣው ክርክር፣ ጥቁር አመልካቾችን በብዛት የሚያስቀር የቅጥር ፈተና ከሥራው ጋር ግንኙነት እንዳለው ካልታየ ተቀባይነት የለውም ሲል ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ የቀደሙትን ጥናቶች እንደገና መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ለሥራ ውጤት የተሻለ ምልክት ሆኖ የተገኘው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት መመዘኛ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ነው። የሥራ ዕውቀት ፈተናም ወደዚያው ተጠግቷል። የአጠቃላይ አእምሮ ችሎታ ፈተና ዋጋ አላጣም፤ ይሁንና ቀድሞ ከተሰጠው ደረጃ ዝቅ ብሏል።

በእርሱ ፈንታ ምን ይቅረብ?

መንቀፍ ብቻውን በቂ ስላልሆነ፣ ለዚያው ለኢምባካሲው መዝገብ ያዥ የሚስማማ የቁጥር ጥያቄ ላቅርብ። በደረቅ ወደቡ የሚያልፍ እያንዳንዱ ኮንቴይነር አይ.ኤስ.ኦ. 6346 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አራት የላቲን ፊደላት፣ ስድስት አኃዞችና በመጨረሻ አንድ የመቆጣጠሪያ አኃዝ ተጽፎበታል። የመቆጣጠሪያው አኃዝ የሚገኘው እንዲህ ነው። ፊደላቱ በተወሰነላቸው ቁጥር ይተካሉ። ከዚያም አሥሩ ቁጥሮች በቅደም ተከተል በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያሉ እስከ 512 ድረስ ይባዛሉ። ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር የመጨረሻው አኃዝ ነው፤ 10 ከተረፈ 0 ይጻፋል።

ለምሳሌ የፊደላቱ ምትክ 13፣ 30፣ 28፣ 32፣ አኃዞቹ ደግሞ 3፣ 0፣ 5፣ 4፣ 3፣ 8 ቢሆኑ፣ ብዜቶቹ 13፣ 60፣ 112፣ 256፣ 48፣ 0፣ 320፣ 512፣ 768ና 4,096 ይሆናሉ። ድምሩ 6,185 ነው። ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ በኮንቴይነሩ ላይም 3 መጻፍ አለበት። መዝገብ ያዡ ተሳስቶ 5ንና 4ን ቢያቀያይር ድምሩ 6,249 ይሆንና 1 ይተርፋል፤ ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 የሚለው ተርታ በኮንቴይነሩ ላይ 32ን ያስከትላል፤ በክቡ ላይ 31ን። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ የለያያቸው የተነገረው ሕግ ነው። ለአመልካቹ ሕጉን ሰጥቶ «ከእነዚህ አምስት ኮንቴይነሮች የትኛው በስሕተት ተመዝግቧል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሰጣል፣ በቀላሉ ይታረማል፣ ዘመድ አይጠይቅም፣ መልሱም አንድ ብቻ ነው። አመልካቹ ነገ የሚሠራውን ሥራ ዛሬ ይሠራል።

የእኛ ድርሻ

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥ አፕቲትዩድ የተባለ ክፍል ስላለ እኛም ተማሪዎቻችንን በተርታ ጥያቄ እናለማምዳለን። ብዙዎቻችን ሰሌዳ ላይ ሦስት ቁጥር ጽፈን «ቀጣዩስ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ፈጥኖ የመለሰውን «ጎበዝ» እንላለን፤ ሌላ መልስ የሰጠውን «ተሳስተሃል» ብለን እናስቀምጠዋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ጥያቄ የሚያወጡትም ሰዎች ትናንት በአንድ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንዲህ የተማሩ ናቸው።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። የተርታ ጥያቄ ስናወጣ ወይ ሕጉን እንንገር፣ ወይም ተማሪው ሕጉን ከመልሱ ጋር እንዲጽፍ እንጠይቅ፤ ለሕጉም ማርክ እንስጥ። አማራጮችን ስንደረድር እያንዳንዱን «ትክክል የሚያደርገው መንገድ አለ ወይ?» ብለን እንፈትሽ። አንድ ባልደረባ አስቀድሞ ቢሠራልን ደግሞ ይመረጣል።

ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ምክር ነው፦ ፈተናው እስካልተለወጠ ድረስ መጀመሪያ ልዩነቱን እይ፣ ቀጥሎ የልዩነቱን ልዩነት፣ ከዚያ ብዜቱን፣ የሁለቱን ጎረቤታሞች ድምር፣ በመጨረሻ ካሬዎችንና ብቸኛ ቁጥሮችን፤ የተለመደ ሕግ ስታገኝ አክብብና እለፍ። ጊዜ ከተረፈህ ተመለስ። ይህን ስጽፍለት ደስ አላለኝም፤ ግን እንጀራ ነውና ጻፍሁለት።

ሁለተኛው የጥያቄው መልስ ነበር። «የተሳሳትሁት ምን ላይ ነው?» ብሎኝ ነበር። ስሌቱን አራት ጊዜ መረመርሁት። ስሕተት አላገኘሁበትም፤ ይህንኑም ጻፍሁለት።