ሰማያዊ ያልሆነው ሰማያዊ አዳራሽ

የስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤት ቀይ የጡብ ሕንፃ ነው፤ ከሜላረን ሐይቅ ዳር ቆሞ 106 ሜትር በሚረዝመው ግንቡ አናት ላይ ሦስት የወርቅ ዘውዶች ያበራሉ። አርክቴክቱ ራግናር ኦስትበርግ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1911 አስጀምሮ በ1923 አስመረቀው። ስምንት ሚሊዮን ያህል ጡብ ገብቶበታል። ጡቡ ከተለመደው ተለቅ ያለ ሲሆን፣ መጠኑ በመካከለኛው ዘመን ገዳማት ሲታነጹበት ከነበረው የተወሰደ ነው።

የእጅ ጥበቡ ልኩ የሚታየው ግን ውስጥ፣ ሰማያዊ በሚባለው አዳራሽ ነው። ኦስትበርግ ግድግዳውን አስለስኖ ሰማያዊ ቀለም ሊያስቀባው አቅዶ ነበር። ጡቡ ተገንብቶ ሲያየው ግን መሸፈኑ አላስችል አለውና ሐሳቡን ለወጠ። ስሙ ብቻ ቀረ። ጡቡንም እንዲሁ አልተወውም፤ ሠራተኞች ፊቱን በእጃቸው፣ እህል አልፈጭ ያለ ወፍጮ እንደሚወቀር፣ በመሮ ወቀሩት። ለስላሳ ጡብ ብርሃኑን መልሶ ይሰደዋል፤ የተወቀረው ግን በየጉድጓዱ ጥቂት ጥላ ይይዛል። ከላይ ከመስኮቶቹ የሚወርደው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ቀዩ ይለዝባል፤ ትልቁ አዳራሽም ሰው አያስፈራም። እንዲህ ያለ ድካም በፎቶግራፍ አይታይም፤ ቀርቦ ማየት ይጠይቃል።

የአዳራሹ ደረጃም እንዲሁ ታስቦበታል። እርከኖቹ ዝቅና ሰፋ ያሉ በመሆናቸው፣ በየዓመቱ ዲሴምበር 10 ለኖቤል የእራት ግብዣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ የምትወርድ እንግዳ እግሯን ማየት አያስፈልጋትም።

ፎቅ ላይ ያለውን ወርቃማ አዳራሽ ጎብኚ ሁሉ ያደንቀዋል። ኢይናር ፎርሴት የነደፈው ሞዛይክ ከ18 ሚሊዮን በላይ ቁርጥራጭ አለው፤ በወርቃማዎቹ ውስጥ ስስ የወርቅ ቅጠል በብርጭቆ መካከል ተይዟል። የግድግዳው ከፍታ ስላልበቃ የቅዱስ ኤሪክ ምስል ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቀርቷል። ሥራው ታላቅ ነው፤ ቢሆንም ወርቅ ማንም እጅ ላይ ያበራል። ተራ ጡብን እንዲህ ማክበር ግን የሚበልጥ ጥበብ ይመስለኛል።

ስቶክሆልም የምትኖሩ ወይም የምታልፉ ወገኖች፣ ውስጡ የሚጎበኘው ከአስጎብኚ ጋር ነውና፣ ወደ ወርቁ ከመውጣታችሁ በፊት ግድግዳው አጠገብ ጥቂት ቁሙ።