የወለቀ ብሩሽ

የጺም ብሩሽ ብዙ ጊዜ ከጸጉሩ በፊት ሥሩ ይከዳል። ሙቅ ውሃና ሳሙና የእጀታውን ማጣበቂያ ያላላዋል፤ አንድ ጠዋት ጸጉሩ እንደ ችቦ እስር ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። ሰው ይጥለዋል፤ እኔ ግን ጥገናውን እወደዋለሁ። አሮጌውን ማጣበቂያ ከጉድጓዱ ፍቆ ማውጣት፣ አጥቦ በደንብ ማድረቅ (እርጥበት ከቀረበት ልፋቱ ከንቱ ነው)፣ የጸጉሩን ሥር ጠበቅ አድርጎ ማሰር።

ለማሰሪያውማ የእንሰት ቃጫ አለ፤ የጠምባሮዋ ከተማ ሙዱላ የእንሰት አገር ናት። እንሰቱ ሲፋቅ የሚተርፈው ቃጫ ገመድ ይሆናል፣ የቤት ግድግዳ ይታሰርበታል፤ ለብሩሽ ከሱ አንዲት ቀጭን ዘለላ ትበቃለች። ከዚያ ኢፖክሲ ማጣበቂያ በጥቂቱ ቀብቶ፣ ጸጉሩን ቀጥ አድርጎ ተክሎ፣ ሳይነካኩ እስከ ማግስቱ መተው። ጥቂት ጸጉር ቢረግፍ ግድ የለም፤ አረፋው አይጎድልም።