መስኩ ሲበራ የማይለወጠው

ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብ ጀነሬተሮች ሲዞሩ መሐንዲሱ ስለ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን አይጨነቅም፤ የብረቱን ጥቅል ባሕርይ ማወቅ ይበቃዋል። የኳንተም ማግኔት ግን በጥቅል አይያዝም። የኤሌክትሮኖቹ ጥቃቅን ማግኔትነት፣ ማለትም ስፒኖቹ፣ እርስ በርስ ስለተቆራኙ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማስላት አይሆንም።

ቁጥሩም ቶሎ ያብጣል። እያንዳንዱ ስፒን ሁለት አማራጭ ስላለው 20 ስፒኖች 1,048,576 ሁኔታዎች ይኖሯቸዋል። የእነዚህን ሁኔታዎች ጉልበት የሚገልጸውን ማትሪክስ ሙሉውን ልያዝ ያለ ሰው 8 ቴራባይት ግድም ሜሞሪ ያስፈልገዋል፤ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያለ የፊዚክስ ተማሪ ላፕቶፕ ይህን አይሸከምም።

ሙያው የሚጀምረው እዚህ ነው። የለመደበት ሰው ኮድ ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፦ መግነጢሳዊ መስክ ሲበራ ምን ሳይለወጥ ይቀራል? የስፒኖቹ ቁርኝት በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሆነበት በሃይዘንበርግ ሞዴል፣ በመስኩ አቅጣጫ ያለው የስፒኖች ድምር አይለወጥም። ስለዚህ ሁኔታዎቹ በድምራቸው ይከፋፈላሉ፤ ትልቁ ክፍል 184,756 ብቻ ይሆናል። የሒሳብ ሊቁ ላንጾሽ እ.ኤ.አ. በ1950 ያሳተመው ዘዴ ሲታከልበት ማትሪክሱን ማከማቸት ይቀርና ጥቂት ቬክተሮች ይበቃሉ፤ አንዱ ቬክተር 1.5 ሜጋባይት ቢይዝ ነው።

ከዚህ የበለጠ ትርፍም አለ። መስኩ የየክፍሉን ጉልበት ከድምሩ ጋር በተመጣጠነ መጠን ብቻ ስለሚያዛውር፣ ያለ መስክ አንዴ የተሰላው ውጤት ለማንኛውም የመስክ መጠን ያገለግላል። ሁለት ስፒኖችን ብቻ ወስዶ በወረቀት መሞከር ይቻላል። J የቁርኝታቸው ጥንካሬ፣ h ደግሞ የመስኩ ጥንካሬ ይሁን። በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆራኙት ጥንድ ጉልበት −3J/4፣ አብረው የቆሙት J/4 ነው። መስኩ የኋለኛውን በh ዝቅ ያደርገዋል። h ከJ ጋር ሲተካከል ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ ማግኔቱ በአንድ ዝላይ ወደ መስኩ ይዞራል።

ስፒኖቹ አንድ መስመር ብቻ በሚመርጡበት ማግኔት ላይ መስኩ በጎን ሲመጣ ግን ይህ አቋራጭ ይዘጋል። የፊዚክስ ተመራማሪው ኮልዲያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው የኮባልት ኒዮቤት ሙከራ ለዚህ ምሳሌ ነው። የስፒኖቹ ሥርዓት የሚፈርሰው 5.5 ቴስላ አካባቢ ሲሆን፣ ይህም አሶሳ ላይ ኮምፓስ ከሚያዞረው የመሬት መስክ 150 ሺህ እጥፍ ግድም ነው። እዚህ ስሌቱ ለእያንዳንዱ የመስክ መጠን እንደ አዲስ ይሠራል።

የመጨረሻው ጥንቃቄ ውጤቱን በማንበብ ላይ ነው። ድምሩ በማይለወጥበት ሞዴል ጥቂት ስፒኖች ሁልጊዜ የደረጃ ቅርጽ ያለው የማግኔትነት ግራፍ ይሰጣሉ፤ ደረጃ ሁሉ ግን የተፈጥሮ አይደለም። ስትሮንቲየም፣ መዳብና ቦሮን ባሉበት አንድ ክሪስታል ላይ ግን ማግኔትነቱ ከሙሉው 1/8 እና 1/4 ላይ በእርግጥ እንደሚቆም እ.ኤ.አ. በ1999 ታይቷል። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ስሌቱ በ12፣ በ16 እና በ20 ስፒኖች ተደግሞ ግራፎቹ ይነባበራሉ፤ ስፒን በተጨመረ ቁጥር እየጠበበ የሚሄደው ደረጃ ከናሙናው ትንሽነት የመጣ ነው።