«ደረጃ» ስንል ምን ማለታችን ነው?
በፊልም ሂስና ምዘና ስያሜዎች ላይ የቀረበ አስተያየት

ፊልም ማየት ከሲኒማ ቤት ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ቪዲዮ ካሴት፣ ከካሴትም ወደ ዲስክ እየተሸጋገረ መጥቶ ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት በእጅ ስልክ ላይ ሳይቀር የሚፈጸም ተግባር ሆኗል። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት በጥር ወር 2016 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን በአንድ ጊዜ ከ130 በላይ ወደ ሆኑ አገሮች ሲያስፋፋ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አገሮች አንዷ ነበረች። ፊልሙ በሺህ የሚቆጠር፣ የተመልካቹ ጊዜና ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ ግን የተወሰነ በመሆኑ፣ «የትኛውን ልይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡ አስተያየቶች በአማርኛም መጻፍና መነገር ጀምረዋል። በእነዚህ አስተያየቶች ውስጥ አንድ ቃል ደጋግሞ ይገጥመናል፤ ይኸውም የእንግሊዝኛውን «ሬቲንግ» ለመተካት የተወሰደው «ደረጃ» ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፊልሞችን ብቻ ሳይሆን ፊልሞች የሚመዘኑባቸውን ቃላት ጭምር ነው። ሐሳባችንን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ በ«ደረጃ» ሥር አምስት የተለያዩ ነገሮች ተጠቃልለው በመቅረባቸው ቁጥሩ ለተመልካቹ መረጃ መሆኑ ቀርቶ ማሳሳቻ እየሆነ ነው፤ ጸሐፊውም ቁጥር ጠቅሶ ማለፍን ከሂስ ሥራ እንዲቆጥረው በር ከፍቶለታል እንላለን።

1. የአንድ ቃል ብዙ ሸክም

«ደረጃ» በመጀመሪያ የሚወጡበትና የሚወርዱበት እርከን ነው። ከዚህ ተጨባጭ ትርጉም ተነሥቶ ማዕረግን፣ ቅደም ተከተልንና የጥራት መስፈርትን ለማመልከት ተስፋፍቷል። መስፋፋቱ የቋንቋ ተፈጥሮ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ትርጉሞች ከቁጥር ጋር ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። «ልጁ ከክፍሉ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ» ስንል ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክብሩ ይጨምራል። «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ስንል ግን ቁጥሩ ሲጨምር እርከኑ ከፍ ይላል። «ደረጃውን የጠበቀ ዕቃ» ስንል ደግሞ ቁጥር ጨርሶ የለበትም፤ ዕቃው የተወሰነውን መስፈርት አሟልቷል ማለታችን ብቻ ነው።

እንግዲህ «የፊልሙ ደረጃ 8 ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ለአማርኛ አንባቢ ምን ይነግረዋል? ከ10 ነጥብ 8 አገኘ ማለት ሊሆን ይችላል። በብዙ ተመልካች ከታዩት ፊልሞች ስምንተኛ ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው 8 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ልጆች እንዲያዩት ተፈቅዷል ማለትም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ትርጉሞች በአማርኛ ሰዋስው ትክክል ናቸው። ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው የተረዳ ወላጅ ግን ለልጁ የማይገባ ፊልም ሊያሳይ ይችላል። ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል።

«ኮከብ» የሚለው ምልክትም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። በአገራችን ባለ ኮከብ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሆቴል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በሆቴሎች ላይ የተካሄደው የኮከብ ምደባ በመንግሥት ኃላፊነትና በባለሙያዎች ምርመራ የተፈጸመ፣ የታወቀ መስፈርት የነበረው ሥራ ነው። የፊልም ኮከብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተመልካች ሶፋው ላይ ሆኖ የሰጠው የደስታ ወይም የቅሬታ ምልክት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ስንጠራ ለሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥልጣን እናበድረዋለን። በዚያ ላይ ዝነኛ ተዋናይም «የፊልም ኮከብ» ስለሚባል «ባለ አምስት ኮከብ ፊልም» አምስት ዝነኞች የተሳተፉበት ፊልም ተብሎ ቢተረጎም አንባቢው የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

2. ቁጥሩ ምን ይቆጥራል?

ስያሜ የሚወጣለት ነገር አስቀድሞ በባሕርዩ መታወቅ ስላለበት፣ ጸሐፊዎቻችን አዘውትረው የሚጠቅሷቸው ምዘናዎች ምን እንደሚለኩ ባጭሩ እንመልከት።

በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሮተን ቶሜቶስ በመቶኛ የሚያሳየው ከሐያስያን መካከል ስንቶቹ ፊልሙን እንደደገፉት ነው። መቶኛው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የቀይ ቲማቲም ምልክት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ በጥብቅ መታወቅ ያለበት፣ መቶኛው የሰዎች ድርሻ እንጂ የፊልሙ ውጤት አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ አሥር ሐያስያን አንድን ፊልም አይተው አሥሩም «ክፉ አይደለም፤ ቢታይ ጉዳት የለውም» ቢሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል። ሌላውን ፊልም ስምንቱ «ከዘመናችን ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው» ብለው ሲያደንቁት ሁለቱ ቢነቅፉት 80 በመቶ ያገኛል። በትምህርት ቤት ፈተና ያደገ አንባቢ 100ን ከ80 አብልጦ ማየቱ አይቀርም። የነገሩ እውነት ግን የመጀመሪያው ማንንም ያላስቀየመ፣ ሁለተኛው ብዙዎችን ያስደነቀ መሆኑ ነው። ሐያስያኑ አምስት ብቻ በሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ የአንድ ሰው ፍርድ ብቻውን 20 በመቶ ያወጣል ወይም ያወርዳል፤ በውጭ ጸሐፊዎች እምብዛም የማይጻፍላቸው የአፍሪካ ፊልሞች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ሜታክሪቲክ መንገዱ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ሂስ ከ100 ነጥብ እየተመነ፣ ለአንዳንድ ሐያስያን ከሌሎች የበለጠ ክብደት እየሰጠ አማካይ ያወጣል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አይ.ኤም.ዲ.ቢ. ደግሞ ተመልካቾች ራሳቸው ከ1 እስከ 10 የሚሰጡትን ነጥብ ይሰበስባል፤ የሚያወጣውም ተራ አማካይ ሳይሆን ስሌቱን በዝርዝር የማይገልጸው የተመዘነ አማካይ ነው።

የኔትፍሊክስ አካሄድ ለቃላት ተመራማሪ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ሰጪ ነው። ድርጅቱ በ2017 እ.ኤ.አ. የአምስት ኮከቡን ምዘና ትቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክት አውራ ጣት አመጣ። ከዚሁ ጋር ለየተመልካቹ «ይህ ፊልም ከዝንባሌህ ጋር በዚህን ያህል መቶኛ ይስማማል» የሚል ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ይህ ቁጥር ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ተመልካቹ የተሰላ ግምት ስለ ነበረ፣ አንዱ ፊልም ለአንዱ ቤተሰብ 95፣ ለጎረቤቱ 60 ሊሆን ይችል ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ተመልካቾች በጽሑፍ ይሰጡት የነበረው አስተያየት ጨርሶ ተወገደ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ «እጅግ ወድጄዋለሁ» ለማለት ሁለት አውራ ጣት ታከለ። በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ ቃል ተወግዶ ምልክት ቀርቷል፤ ምክንያት ተወግዶ ስሜት ቀርቷል። ለንግድ ስሌት ምቹ ሊሆን ይችላል፤ ሂስ ግን ምክንያት በሌለበት አይኖርም።

3. ሂስ፣ ግምገማ፣ ዳሰሳ

የምዘናው ስያሜ ይህን ያህል ከተዘበራረቀ፣ ምዘናውን የሚያቀርበው የጽሑፍ ዓይነት ስያሜም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። «ሂስ» እና «ሐያሲ» ከአንድ ሥር የተገኙ፣ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ጸንተው የቆሙ ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ በአብዮቱ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የተባለው የስብሰባ ሥርዓት ቃሉን ከፍርሃት ጋር አቆራኝቶታል። ስለዚህም ዛሬ እንኳ አንድ የፊልም ባለሙያ «ሥራህ ላይ ሂስ ተጽፏል» ቢባል «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ምን ተገኘበት?» ብሎ አይጠይቅም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተስፋፋው «ግምገማ»ም የመሥሪያ ቤት ሽታ አለው፤ ገምጋሚና ተገምጋሚ ፊት ለፊት የሚቀመጡበትን ሸንጎ ያስታውሳል። «ዳሰሳ» ለስለስ ያለ ነው፤ ነገር ግን መዳሰስ የላይ የላዩን መንካት ስለሆነ ፍርድ የመስጠትን ግዴታ አያሸክምም።

በበኩላችን ከሦስቱ አንዱን መርጦ ሌሎቹን መጣል ተገቢ አይመስለንም። ይልቁንም የተለያዩ ሥራዎች ስም ቢሆኑ ይጠቅማሉ። ገና ያላየውን ሰው «እየው» ወይም «ተወው» የሚለው አጭር ጽሑፍ ጥቆማ ይባል። ታሪኩን፣ ባለሙያዎቹንና አሠራሩን የሚያስተዋውቀው ዳሰሳ ይባል። ፊልሙ ምን ለማለት እንደተነሣ፣ በምን መንገድ እንዳለው፣ ተሳክቶለት እንደሆነም በማስረጃ የሚመረምረው ብቻ ሂስ ይባል። «ግምገማ» ለመሥሪያ ቤት ይቅርለት።

4. ቁጥር የማይደርስበት፦ የ«ድፍረት» ምሳሌ

ከላይ ያልነው ባዶ ንድፈ ሐሳብ እንዳይሆን አንድ ፊልም እንውሰድ። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የተዘጋጀው «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበ፣ በአማርኛ የሚነገር ፊልም ነው። በዚያው ዓመት በሰንዳንስም ሆነ በበርሊን የፊልም በዓል ላይ የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠልፋ የተደፈረች፣ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጉዳይዋን የያዘችው የሕግ ባለሙያ ታሪክ ነው።

የፊልሙ ርእስ በውጭ አገር ሲቀርብ ሳይተረጎም በድምፁ ብቻ ተጽፎ ቀርቷል። ብዙውን ጊዜም «ጀግንነት» በሚል አንድ ፍች ይብራራል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ርእሱን ሲሰማ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማል፦ የደፋሪውን ድፍረትና የደፋሯን ድፍረት። «ደፋር ናት» እና «ተደፈረች» ከአንድ ግስ መውጣታቸው የቋንቋው አሳዛኝ እውነት ነው። ፊልሙም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ እውነት ላይ የቆመ ነው፤ ልጅቱን የጎዳትና ያዳናት በቃል ደረጃ አንድ ነውና።

«ጠለፋ»ም እንደዚሁ ነው። የትርጉም ጽሑፉን የሚያነብ የውጭ ተመልካች ቃሉን እንደ ሰው ስርቆት፣ ማለትም ከመጀመሪያውኑ እንደ ወንጀል ይረዳዋል። በአማርኛ ግን ቃሉ በአንዱ ተናጋሪ አፍ የጋብቻ ወግ ስም፣ በሌላው አፍ የወንጀል ስም ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ሸንጎና የመንግሥት ፍርድ ቤት የሚለያዩትም በዚሁ ቃል ፍች ነው። ሕጉ ራሱ ለረጅም ጊዜ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። እንግዲህ ፊልሙ የሚያሳየው ክርክር በጥልቅ ሲታይ «ጠለፋ ምንድን ነው?» የሚል የትርጉም ክርክር ነው።

የራሳችንን ፍርድ ለመስጠት፣ በሸንጎው ክፍል ያለው ንግግር የተሳካ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ክፉዎች ሆነው ሳይሆን በቃላቸው ታስረው ይታያሉ። በሕግ ባለሙያዋ በኩል ያለው ንግግር ግን በብዙ ቦታ ለውጭ ሰው ማብራሪያ ወደ መስጠት ያዘነብላል፤ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው የሚያውቁትን ነገር ለምን እንደሚነጋገሩ ተመልካቹ ይጠይቃል። ይህን ጉድለትም ሆነ ያንን ስኬት ለመለየት የሚችለው በመጀመሪያ ደረጃ ቋንቋውን የሚሰማ ሐያሲ ነው። እንዲህ ያለው ሐያሲ የራሱን ጆሮ ትቶ በትርጉም ጽሑፍ ፊልሙን ያዩ ሰዎች የሰጡትን ቁጥር ቢገለብጥ፣ እርሱ ብቻ የነበረውን ዕውቀት ጥሎ ሌላው ሁሉ ያለውን አነሣ ማለት ነው።

የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» ሌላ ማስረጃ ይሆነናል። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ፊልም በአሜሪካ አከፋፋይ ሲታጣለት አዘጋጁና ተባባሪዎቹ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ለጥቁር አሜሪካውያን ሕዝብ አሳዩት፤ ዝናውም ከሰው ወደ ሰው በቃል ተሰራጨ። በኔትፍሊክስ የቀረበው ከ28 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም ወር 2021 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ ዓመታት ፊልሙን ያቆየው ተመልካቹ ለጎረቤቱ የነገረው ምክንያት እንጂ መቶኛ አልነበረም።

5. የስያሜ ሐሳብ

ከላይ በተመለከተው መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

ለየትኛው ዕድሜ እንደተፈቀደ የሚያመለክተው «የዕድሜ ገደብ» ይባል። ተመልካቾች ወይም ሐያስያን ከሰጡት ነጥብ የሚወጣው «አማካይ ነጥብ» ይባል፤ ከስንት እንደሆነም ሁልጊዜ አብሮ ይጻፍ፣ ለምሳሌ «ከ10 አማካይ ነጥብ 7»። ከሐያስያን መካከል የደገፉትን ድርሻ የሚያሳየው «የይሁንታ መቶኛ» ይባል፤ ይሁንታ ስምምነትን እንጂ አድናቆትን ስለማይገልጽ ለነገሩ ልክ ነው። አገልግሎቱ ለአንድ ተመልካች የሚያሰላው «የዝንባሌ ግምት» ይባል። «ደረጃ» ደግሞ በአማርኛ ከቁጥር ጋር ሲነገር ለሚያገለግልበት ለቅደም ተከተል ብቻ ይወሰን፤ ይኸውም ኔትፍሊክስ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት የታዩ 10 ፊልሞችን በተራ እንደሚያሳየው ላለው ዝርዝር ነው።

«ስትሪሚንግ»ን በሚመለከት፣ አንዳንዶች «ቀጥታ ስርጭት» ይሉታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ቀጥታ ስርጭት ድርጊቱ በሚፈጸምበት ሰዓት የሚተላለፍ ሲሆን እነዚህ ፊልሞች ግን ቀድሞ የተሠሩ ናቸው። «ዥረት» የሚለው ቃል የነገሩን ባሕርይ በሚገባ ስለሚገልጽ ቢሞከር መልካም ነው። ሕዝቡ እስኪቀበለው ድረስ ግን የውጭውን ቃል መጠቀም የተሳሳተ የአማርኛ ቃል ከመጠቀም ይሻላል።

ስያሜ ብቻውን ሐያሲ አያፈራም። ነገር ግን አንድ ጸሐፊ «የይሁንታ መቶኛው 90 ነው» ብሎ ለመጻፍ ሲገደድ «የማን ይሁንታ? በምን ምክንያት?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተለዋል። «ደረጃው 90 ነው» ሲል ግን ጥያቄው ተዳፍኖ ይቀራል። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያላቸው፣ በተለይም በፊልም ሙያና በፊልም ትርጉም ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባብያን ሐሳባቸውን ቢያካፍሉን ለቀጣዩ የቃላት ዝርዝር ዝግጅት ይጠቅማል።