ማድመጥና ማክበር እንደ ሙያ ትምህርት፤ በአንድ የአእምሮ ሕክምና መምሪያ ላይ የቀረበ ሂስ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የአእምሮ ሕክምና መምሪያ ሁለተኛ እትም የተዘጋጀው ለአእምሮ ሐኪሞች ሳይሆን፣ በጤና ጣቢያና በጠቅላላ ሆስፒታል ለሚሠሩ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖችና ሐኪሞች ነው። ኢትዮጵያ መምሪያው የተመሠረተበትን መርሐ ግብር ቀድመው በሥራ ላይ ካዋሉት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ጽሑፉን በአማርኛ ተናጋሪ ሠልጣኝ ዐይን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

መምሪያው የሕመሞችን ዝርዝር ከማቅረቡ በፊት ስለ አነጋገር ማስተማሩ ዋነኛ ብልጫው ነው። ለግልጽ ውይይት የሚያመች ሁኔታ መፍጠርን፣ በሽተኛውን በጉዳዩ ማሳተፍን፣ ከማድመጥ መጀመርን፣ ምንጊዜም አክባሪና ከፍርድ የራቁ መሆንን፣ በሚገባ ቃል መናገርን፣ አስጨናቂ ምሥጢር ሲገለጽም በጥንቃቄ መመለስን ያዛል። ራስን ስለ መጉዳት መጠየቅ ድርጊቱን እንደማይቀሰቅስ በግልጽ ማስፈሩም የብዙ ሠራተኞችን አንደበት የሚያስረውን ፍርሃት ያስወግዳል።

ጉድለቱ፣ አክብሮት በየቋንቋው እንዴት እንደሚገለጽ አለማመልከቱ ነው። በአማርኛ አክብሮት በግሱ ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ፣ አንድን ሰው የሚያነጋግር ሁሉ ከ«አንተ»፣ ከ«አንቺ» ወይም ከ«እርስዎ» አንዱን ሳይመርጥ መናገር አይችልም። ሳል ይዟቸው ሲመጡ «ምን ይሰማዎታል?» የተባሉ አዛውንት፣ አእምሯቸው ታውኮ ሲመጡ «ምን ሆንክ?» ቢባሉ፣ ወይም ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ «መድኃኒቱን ይውጣል?» ተብሎ ልጃቸው ቢጠየቅ፣ ሠራተኛው አንድም የስድብ ቃል ሳይናገር ከሰው ተራ አውጥቷቸዋል።

ይህን ስሕተት የጽሑፍ ፈተና አያገኘውም። ነጥቦቹን በቃሉ ያጠና ሠልጣኝ ሙሉ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ ፈተናው የሚለካው ማወቅን እንጂ ማድረግን አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የማሠልጠኛ ጽሑፍ ሠልጣኞች በሐኪምና በበሽተኛ ቦታ እየገቡ እንዲለማመዱ ማድረጉ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው። ሆኖም በሽተኛውን የሚወክለው ሠልጣኝ ለማሣቅ ከተጫወተ፣ ልምምዱ ሊያርመው የታሰበውን ንቀት መልሶ ያጠናክራል። ስለሆነም ሕመሙን በራሳቸው ያዩና በሕክምና የተሻላቸው ሰዎች በአሠልጣኝነት ሊካፈሉ፣ አሠልጣኙም የሠልጣኙን አነጋገር ቃል በቃል እየመዘገበ ሊያርም ይገባል። ምዘናው በሥራ ቦታ ካልተደገመም የክፍል ውስጥ ትሕትና ከክፍሉ ደጃፍ አያልፍም።

ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመሞች ረጅም ክትትል የሚጠይቁ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን የተዋረደ ሰው በቀጠሮው ቀን ላይመለስ ይችላል፤ ካልተመለሰም የተዘጋጀለት መድኃኒት ዋጋ የለውም። እንግዲህ የሥልጠና ዕቅድ አውጪዎች ስንት ሠራተኛ እንደ ሠለጠነ ከመቁጠር አልፈው፣ የሠለጠነው ሠራተኛ በሽተኛውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ሊመረምሩ ይገባቸዋል።